ሹፌር ሆይ፣ ፋይልህን በገዛ እጅህ አታበላሽ

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ጥላ ዘርግቼ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ጠበቃ አይደለሁም፣ ራፖር ጸሐፊ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ደግሞ ሹፌር ነበርኩ። ጠረጴዛዬ ፊት የሚቀመጠው መንጃ ፈቃዱ የታገደበት ወይም ሰው ገጭቶ የተከሰሰ ነው። መጀመሪያ ያጠፋው ጥፋት ብዙ ጊዜ መላ አለው። የሚያቃጥለኝ እሱን ለመሸፈን ብሎ የጨመረው ነው።

ከሁሉ የባሰው ሁለተኛ መንጃ ፈቃድ ማውጣት ነው። እዚህ ዳር ላይ ፈተናው ቅርብ ነው፤ ከኬላው ወዲህ አዲስ አበባ፣ ከኬላው ወዲያ ኦሮሚያ፣ መሀል ላይ ደግሞ ሻይ ቤት የተቀመጠ ደላላ። «ያኛው ቢታገድ ምን ቸገረህ? ከሌላ ክልል ንጹሕ አወጣልሃለሁ» ይልሃል። አንድ የሲኖትራክ ሹፌር እገዳው እንዲነሳለት ማመልከቻ ላስጽፍ ብሎ መጣ። ስሙን ልገለብጥ መንጃ ፈቃዱን ስጠኝ አልኩት፣ ሰጠኝ። ሁለት መስመር እንደጻፍኩ «ጋሼ ቆይ፣ እሱ አይደለም» ብሎ ሌላ ካርድ አቀበለኝ። ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። ፊቱ ያው፣ ግንባሩ ላይ ያለው ጠባሳ ያው፣ የአያቱ ስም ግን ሌላ። «የአባትህ አባት ስንት ናቸው?» አልኩት። ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

የታገደው ለጥቂት ወራት ነበር። ጋራዥ ገብቶ ጎማ ቢፈታ፣ ከዘመድ ቢበደር ያልፍ ነበር። ሁለተኛዋ ካርድ ግን የደንብ መተላለፍ ሳትሆን ሐሰተኛ ሰነድ ናት። «አላየሁም፣ ፍሬን እምቢ አለኝ» ተብሎ የማይመለስላት፣ ሆን ተብሎ የሚሠራ ወንጀል። የመንጃ ፈቃድ አዋጁ፣ ቁጥር 1074/2010፣ የአገር ሕግ ነው፤ ኬላ ስለተሻገርክ አትሻገረውም። ጽሑፉን አቋርጬ ጠበቃ ፈልግ ብዬ ሸኘሁት። በኋላ እናቱ መጡ። ስንቅ እያመላለሱለት እንደሆነ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው፣ የምሳ ዕቃውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው።

በጥፋትህ የተመዘገበብህን ነጥብ አስጠፋልሃለሁ የሚልህም ደላላ ያው ነው።

በታገደ ፈቃድ መንዳት፣ ወይም የአውቶሞቢል ይዞ ቅጥቅጥ መያዝ። «እስከ ዓለም ገና ብቻ ነው፣ ትራፊክ የለም» ይባላል። ትራፊኩን ተወው፣ ሰው ብትገጭስ? የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት መግደልን ሲደነግግ ሹፌርን ከሐኪም ጎን ስሙን ጠርቶ ያነሳዋል፦ ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና ከ3,000 እስከ 6,000 ብር መቀጮ። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሰው ከሞተ፣ አለዚያም ሹፌሩ ጠጥቶ ወይም ግልጽ ደንብ ሆን ብሎ ጥሶ ከሆነ ወደ ንዑስ አንቀጽ 3 ይዘላል፤ እዚያ ያለው ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነው። መንዳት እንደሌለብህ የሚናገር ወረቀት እጅህ ላይ እያለ ከነዳህ፣ ያንን ንዑስ አንቀጽ ለዐቃቤ ሕጉ የምታቀብለው አንተው ነህ።

ቅጣቱን ባለንብረቱ ቢከፍልልህም ሪከርዱ የሚመዘገበው በአንተ ስም ነው።

ገጭተህ አትሩጥ። ሕዝቡ ይገድለኛል ብለህ ከፈራህ፣ ፍርሃቱ ይገባኛል፤ በቀጥታ ቅርብ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ንዳና እጅህን ስጥ። ቆመህ ከቀረህ ደግሞ ትራፊኩ ፕላን፣ ማለት የአደጋውን ቦታ ንድፍ፣ ሲያነሳ ከአጠገቡ አትራቅ፤ የፍሬኑ ምልክት ከየት እስከ የት እንደተለካ እይ። ስልክ እያወራህ ቆይተህ ከሦስት ወር በኋላ «ፕላኑ ልክ አይደለም» ብትለኝ ምን ልጻፍልህ?

ሽምግልና። እዚህ አካባቢ ሰው ከሞተ ሽማግሌ ይላካል፣ ካሳ ይከፈላል፣ በኦሮሞ ወግ ጉማ ይወጣል። ጥሩ ነው፤ ደም ያደርቃል። ስህተቱ ከዚያ በኋላ «ታርቀናል» ብሎ ከቀጠሮ መቅረት ነው። የሞት ክስ የመንግሥት ነው፣ ቤተሰቡ ይቅር ስላለ አይዘጋም። አንድ ትልቅ ሰው የቅጥቅጥ ሹፌር ተይዘው እንዲቀርቡ ትእዛዝ ወጥቶባቸው መጡ፤ የእርቁን ወረቀት በላስቲክ ጠቅልለው ኪሳቸው ይዘዋል። «ታዲያ ይሄ ምንድን ነው ልጄ?» አሉኝ። ቅጣት ማቅለያ ነው፣ አባቴ። እሱንም ቀርበው ሲያሳዩት ነው።

ደረሰኝ ላይ እኔም ጥፋተኛ ነኝ። ከመገናኛ ካራ ሚኒባስ ስነዳ የክስ ወረቀቱን ዳሽቦርድ ውስጥ እየጠቀጠቅሁ፣ የከፈልኩበትን ደረሰኝ ደግሞ ለረዳቱ ዝርዝር ገንዘብ መጠቅለያ እየሰጠሁ ኖርኩ። ፈቃዴን ላሳድስ ስሄድ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ዝርዝሩን አነበበችልኝ። የከፈልኳቸውም አሉበት። ማስረጃ አምጣ ስባል የማመጣው አልነበረኝም፣ ደግሜ ከፈልኩ። በስልክ ብትከፍልም የመጣልህን መልእክት አታጥፋ።

ፍርዱን ጨርሰህ ከሆነ ደግሞ «ሪከርዴ እስከ መቃብር ነው» ብለህ አትቀመጥ። ከወንጀል ነጻ ማስረጃ እየተባለ ከሥራ የሚመለስ ስንት ጎበዝ ሹፌር አለ፣ መሰየም የሚባል፣ ፍርዱ ከሪከርድ የሚሰረዝበት መንገድ መኖሩን ሳይሰማ። ቅጣቱ ካበቃ በኋላ ጽኑ እስራት ከነበረ 5 ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነ 2 ዓመት ካለፈ፣ አዲስ ወንጀል ካልተጨመረና የተፈረደብህን ካሳ ከከፈልክ ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ትችላለህ። ማመልከቻው አንድ ገጽ ነው። የካሳውን ደረሰኝና የፍርዱን ግልባጭ ይዘህ ና፤ ያለ እነሱ አልጽፍልህም።