ዋጉ አልተማረም፦ ስለ ዝግመተ ለውጥ ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ስለ ዝግመተ ለውጥ የተጀመረ ክርክር ገና ከመነሻው ሲበላሽ ብዙ ጊዜ ታዝቤአለሁ። አንዱ ሌላው ያላለውን ይቃወማል፤ ሌላውም ትክክል ያልሆነውን አባባል ይዞ ይሟገታል። ባዮሎጂ ባስተማርኩባቸው ዓመታት ደጋግመው የገጠሙኝን ጥቂቶቹን ላንሳ። አንዳንዶቹን እኔም ራሴ ሰሌዳ ላይ ጽፌአቸዋለሁ።

«ሰው ከዝንጀሮ መጣ»

የዚህ ስህተት ግማሹ የቋንቋ ጣጣ ነው። በአገራችን ዝንጀሮ፣ ጭላዳ፣ ጦጣና ጉሬዛ አሉ፤ ሁሉም ባለ ጭራ ናቸው። ጭራ የሌላቸው ቺምፓንዚና ጎሪላ በዱራችን ስለማይኖሩ የራሳችን ስም አላወጣንላቸውም፤ ተርጓሚም ሲቸግረው «ዝንጀሮ» ብሎ ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ጥያቄ የታወቀ ነው፦ «ታዲያ የሰሜን ተራራ ጭላዳ እስካሁን ለምን ሰው አልሆነም?»

ጭላዳ አያታችን ሳይሆን የሩቅ ዘመዳችን ነው። በሕይወት ካሉት እንስሳት የሚቀርበን ቺምፓንዚ ሲሆን፣ ከእሱ ጋር የምንጋራው ቅድመ አያት ከ6 እስከ 7 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንደኖረ ይገመታል። ያ ቅድመ አያት ሰውም ቺምፓንዚም አልነበረም፤ ዛሬም የለም። የአክስቱ ልጅ በሕይወት ስላለ ብቻ «ከእሱ ተወለድክ» የሚባል ሰው የለም።

«ዋጉ ዝርያውን ለመደው»

ዋግ ስንዴን የሚያጠቃ የፈንገስ በሽታ ነው። ይህን አባባል ከገበሬም ከባለሙያም አፍ ሰምቻለሁ። ለዕለት ንግግር ክፋት የለውም። ነገር ግን አንድ ፍጥረት ችግር ሲገጥመው መላ መትቶ ራሱን የሚለውጥ ያስመስላል።

በ2010 እ.ኤ.አ. ቢጫ ዋግ «ኩብሳ» የተባለውን የስንዴ ዝርያ ክፉኛ ሲመታው፣ በአርሲና በባሌ ብዙ ገበሬ ቢጫ ዋግን ወደሚቋቋመው «ዲጋሉ» ዞረ። ማሳው ሁሉ ዲጋሉ ለበሰ። በ2013 እ.ኤ.አ. የመኸር ሰብል ላይ ግን ሌላ ዓይነት ዋግ፣ ግንድ ዋግ፣ መጣ። የሸክላ ቀለም ያለው ብናኝ የአገዳውን ቆዳ ቀድዶ ይወጣል፤ በማሳው መካከል ያለፈ ሰው ሱሪው እስከ ጉልበቱ ይቀላል። አገዳው ይሰበራል፣ ፍሬው ይጨማደዳል። ማጭድ ያልገባባቸው ማሳዎች ነበሩ።

ምን ሆነ? ዲጋሉ ግንድ ዋግን የሚመክተው በዋናነት በአንድ ዘረመል ነበር። በሌላ በኩል አንድ የታመመ ማሳ ስፍር ቁጥር የሌለው የዋግ ብናኝ ለነፋስ ይሰጣል። ዋጉ በተባዛ ቁጥር በዘረመሉ ላይ እዚህም እዚያም የግልበጣ ስህተት ይፈጠራል። አብዛኛው ስህተት ይጎዳዋል ወይም ምንም አያመጣም፤ አልፎ አልፎ አንዱ ያንን የዲጋሉን መከላከያ አጥር የሚያልፍ ሆኖ ይገኛል። ዲጋሉ በሌለበት አገር ይህ ችሎታ ብዙም አይጠቅም። ዲጋሉ መሬቱን በሸፈነበት አገር ግን ሌላው የግንድ ዋግ ሲራብ፣ አጥሩን የሚያልፈው ድግስ ላይ ተቀመጠ።

አንዲትም የዋግ ብናኝ አልተማረችም፤ አንዷም በዕድሜዋ ራሷን አልለወጠችም። የተለወጠው በመንጋው ውስጥ የእነማን ዘር እንደበዛ ነው። ተፈጥሯዊ መረጣ የሚባለው ይኸው ሲሆን፣ እዚህ ላይ መራጩ እኛው የዘራነው ስንዴ ነበር።

«ሚሊዮን ዓመት ስለሚፈጅ ያየው የለም»

ኩብሳ ከተመታበት ዲጋሉ እስከተመታበት ያለው ጊዜ ሦስት ዓመት ነው። ካልበቃ ወደ ጤና ጣቢያ እንሂድ። ለወባ ፈጣን ምርመራ ጣት ተወግቶ ጠብታ ደም ይወሰዳል፤ በብዛት ሲሠራበት የቆየው መመርመሪያ የሚፈልገው ጥገኛ ተሕዋሲው የሚያመርተውን አንድ ፕሮቲን ነው። በአማራ፣ በትግራይና በጋምቤላ ክልሎች በተደረገ ጥናት የዚህ ፕሮቲን ዘረመል የጎደላቸው የወባ ተሕዋስያን ተገኝተዋል። መመርመሪያው አያያቸውም። ሕመምተኛው «ወባ የለብህም» ተብሎ ያለ መድኃኒት ወደ ቤቱ ሲመለስ ተሕዋሲው በደሙ ውስጥ ይቆያል፤ ማታ ትንኝ ትመጣለች። ምርመራው ራሱ መራጭ ሆነ ማለት ነው።

«ዝግመተ ለውጥ ማለት መሻሻል ነው»

«ዝቅተኛ» እና «ከፍተኛ» ፍጥረት እያሉ መሰላል መሥራት እንወዳለን፤ ጫፉ ላይ ደግሞ ራሳችንን እናስቀምጣለን። በሶማሊያ ከምድር በታች ባለ ውኃ ውስጥ የሚኖር ዓሣ አለ፤ ዓይንም ቅርፊትም የለውም። የሚገርመው ግን ፅንሱ ነው። ዓይን መሠራት ይጀምራል፣ ከዚያ እየጠፋ ይሄዳል። ብርሃን ካዩ ቅድመ አያቶች የወረሰው የአሠራር ቅደም ተከተል አሁንም እየጀመረ ያቋርጣል። ይህን ዓሣ «ተሻሻለ» ወይስ «ወደ ኋላ ቀረ» እንበለው? ጨለማው ውስጥ ጥያቄው ትርጉም የለውም።

«የጠፋው ቀለበት አልተገኘም»

«የጠፋው ቀለበት» የሚሉት ሰውን ከጥንት ቅድመ አያቶቹ ጋር ያገናኛል የሚባለውን መካከለኛ ፍጥረት ነው። ቀለበት የሚፈልግ ሰው ሰንሰለት በዓይነ ሕሊናው ይዟል። የተገኘው ግን ቅርንጫፉ የበዛ ዛፍ ነው፤ ስለዚህም ድንቅነሽን «የሁላችን እናት» ማለትም አያስፈልግም፤ የቀጥታ አያት ትሁን የጎን ዘመድ ለማስረጃነቷ አንድ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ አላት። ራስ ቅሏ ከቺምፓንዚ ብዙም የማይበልጥ አንጎል የሚይዝ ነበር፤ ዳሌዋና ጉልበቷ ግን በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ትሄድ እንደነበር ይመሰክራሉ። እንደ ድንቅነሽ በአፋር የተገኘችው፣ የ4.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ሌላዋ ቅሪተ አካል አርዲ ደግሞ ትልቁ የእግሯ ጣት እንደ እጅ አውራ ጣት ወደ ጎን የተከፈተ፣ ቅርንጫፍ የሚጨብጥ ነው።

አዲስ አበባ የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም ለጎብኚ የሚያሳየው የድንቅነሽን ቅጂ ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቀምጧል። ጎብኚው ሁሉ ፊቷን ይፈልጋል፤ ከፊቷ የተረፈው ግን ጥቂት ነው። ከመስታወቱ ፊት ስትቆሙ ዝቅ ብላችሁ የጭኗን አጥንት ተመልከቱ፤ ከዳሌ ተነስቶ ወደ ጉልበት ሲወርድ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ልክ እንደ እናንተው ጭን።