ኮመንት ከመጻፋችሁ በፊት ስሙን አስተካክሉ

ኮድ ለምትጽፉ ሁሉ፣ በተለይ ለጀማሪዎች፦ ኮመንት (ኮዱ ውስጥ ለሰው አንባቢ የሚተው ማስታወሻ) ልትጽፉ ስትሉ መጀመሪያ የቫሪያብሉን (የዋጋ መያዣውን) እና የፈንክሽኑን (አንድ ሥራ የሚሠራውን የኮድ ክፍል) ስም እዩ። «እዚህ ጋ የወሩን ቀናት እንቆጥራለን» ማለት ካስፈለገ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ስሙ ነው። «የወሩ ቀናት» በሉትና ኮመንቱን አጥፉት።

ኮመንት የሚያስፈልገው ኮዱ ራሱ የማይናገረውን ምክንያት ለመንገር ነው። በእኛ አቆጣጠር የሚሠራ የዕቁብ መተግበሪያ እንውሰድ። የጳጉሜን ቀናት ብዛት የሚሰጥ፣ ዓመቱ ለ4 ተካፍሎ 3 ከተረፈ 6፣ ካልሆነ 5 የሚመልስ መስመር አለው። አጭርና ያማረ ነው። ነገር ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ብቻ የለመደ ልጅ ሲያየው ስህተት መስሎት 3ቱን በ0 ይቀይረዋል። ከላዩ «ጳጉሜ 6 ቀን የምትሆነው በዘመነ ሉቃስ ማብቂያ ነው፤ ለምሳሌ 2015» ብላችሁ ጻፉ፤ ማንም አይነካውም። ኮዱ የሚከተለው ሕግ ከተቀየረ ኮመንቱም በዚያው ኮሚት (አንድ ላይ በሚመዘገብ ለውጥ) ይቀየር።

ሦስት አራት «ከሆነ» (if) በአንድ መስመር መጠቅጠቅ ግን ይቅርባችሁ፤ እሱን ኮመንት አያድነውም፣ በትኑት።

ሌላው፣ ምክንያቱን በሊንክ ብቻ አትተዉት። እኛ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። ላፕቶፑ በባትሪ እየሠራ ሊንኩ አይከፈትም፣ ጎግልም የለም፤ ያላችሁ ፋይሉ ላይ የተጻፈው ብቻ ነው። ሊንኩን አስቀምጡ፣ ከሥሩ ግን ፍሬ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር እዚያው ጻፉት።