ኮምጣጤ ያበላሸብኝ ድንጋይ

ዋናው ክረምት ሳይገባ ብለን ምሳችንን ቋጥረን ከልጆቹ ጋር ከጂሬን ኮረብታ በታች ወዳለ ጅረት ወረድን። በጥቁሩ ድንጋይ ቀዳዳዎች ውስጥ የሚያብረቀርቁ ነጫጭ ፍሬዎች አገኘን። ችግሩ የጅማ ቀይ አፈር ነው፤ ቅላቱ ከብረት ዝገት ስለሚመጣ ሳሙና አያስለቅቀውም። ቸኩዬ ሁሉንም ኮምጣጤ ውስጥ ዘፈዘፍኳቸው። በማግስቱ ግማሾቹ ፈዝዘው፣ ጠርዛቸው ተበልቶ አገኘኋቸው። ልጄ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችኝም።

ለካ ሁለት ዓይነት ማዕድናት ነበሩ፤ ካልሳይትና ኳርትዝ! ካልሳይት እንደ ኮምጣጤ ባለ አሲድ ይሟሟል፤ ኳርትዝን ግን ኮምጣጤም ሎሚም አይነካውም። አሁን አስቀድሜ በማይታየው ጎን በቢላ እሞክረዋለሁ፤ ከ1 እስከ 10 በሚሄደው የማዕድናት ጥንካሬ መለኪያ ካልሳይት 3 ስለሆነ ይጫራል፣ ኳርትዝ 7 ስለሆነ ቢላውን ራሱን ይጭረዋል። ካመነታሁ አንድ ጠብታ ሎሚ ጠብ አደርግበታለሁ፤ አረፋ ከደፈቀ ካልሳይት ነው። እሱን በውሃና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ብቻ አጸዳለሁ። ኳርትዙን የሎሚ ጭማቂ እየቀያየርኩ ለቀናት ዘፈዘፍኩት፤ ቀስ እያለ ጠራ።

ጎረቤቴ በረኪና እንድጨምርበት መክሮኝ ነበር። በረኪና ከአሲድ ጋር ሲገናኝ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ያወጣልና እምቢ አልኩ። ስንጥቁ ውስጥ የገባው ቀይ መስመር አልለቀቀም፤ ትቼዋለሁ።