የጀርመን ዘር ቆጠራ፦ ከስሙ ሳይሆን ከመንደሩ ጀምሩ

እኛ ጋ ልጅ ስምህ ማነው ሲባል የአባቱንና የአያቱን ስም አስከትሎ ይናገራል። ሰባት ቤት የሚቆጥር ሽማግሌም አይጠፋም። ጀርመኖች ቤት ይህን ብትጠይቁ ብዙው ሰው ከአያቱ አያልፍም። ዘሩ ግን ተመዝግቧል። በቃል ሳይሆን በወረቀት ነው የተያዘው፣ ወረቀቱም ያለው በየመንደሩ ነው።

ጀርመናዊ አግብታችሁ ልጆች ካላችሁ፣ ወይም ከቅድመ አያቶቻችሁ አንዱ ጀርመናዊ ነበር ሲባል ከሰማችሁ፣ ሥራው ከቤት ሆኖ በኢንተርኔት ይሠራል። እኔ የሞከርኩት በባለቤቴ ቤተሰብ ላይ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መሳቢያውን ክፈቱ

ኮምፒውተሩ ለጊዜው ይቆይ። መጀመሪያ የምትፈልጉት ጀርመኖች ሲጋቡ ከማዘጋጃ ቤት የሚሰጣቸውን የቤተሰብ መዝገብ ነው። የጋብቻና የልደት ወረቀቶች አብረው ይቀመጡበታል። አማቶቻችሁ ጋ የሆነ ቁም ሣጥን ውስጥ አለ።

ከዚያ የሚበልጥ ደግሞ አለ። አነንፓስ ይባላል። በናዚ ዘመን ሰው የአይሁድ ዘር እንደሌለበት ለማስመስከር ይሞላው የነበረ ቀጭን ደብተር ነው። አያት ቅድመ አያት ድረስ ስም፣ የተወለዱበት ቀንና ቦታ ይጻፍበታል፣ አጠገቡ የቄስ ወይም የመዝገብ ሹም ማኅተም ያርፍበታል። የተዘጋጀው ለክፉ ነገር ነው። መረጃው ግን ከመዝገብ የተቀዳ ስለሆነ ትልቅ ሥራ ይቀንሳል። አጠያየቁ ላይ ተጠንቀቁ። "አባትዎ በጦርነቱ ጊዜ ምን ነበሩ?" ብላችሁ ከጀመራችሁ ወሬው እዚያው ይቆማል። ስለ ሠርግ ፎቶ፣ ስለ አያት ቤት ጠይቁ፣ ደብተሩ ራሱ ይመጣል። የፎቶዎቹን ጀርባም አንሱ፤ ብዙ ጊዜ የፎቶ ቤቱ ከተማ ታትሞበታል።

ሽታንደስአምት

ሽታንደስአምት የመንግሥት መዝገብ ቤት ነው። የመንግሥት የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባ በፕሩሲያ የጀመረው ጥቅምት 1 ቀን 1874 ነው፣ በመላው የጀርመን ግዛት ደግሞ ጥር 1 ቀን 1876። ከራይን ወንዝ በስተምዕራብ ያለው አገር በፈረንሳይ እጅ ስለነበር ከ1798 ጀምሮ አለው። በሕጉ መሠረት የልደት መዝገብ ለ110 ዓመት፣ የጋብቻ ለ80፣ የሞት ለ30 ዓመት ዝግ ነው። ከዚያ በኋላ ወደ ከተማው አርካይቭ ይሄድና ለማንም ክፍት ይሆናል። ዝግ በሆነበት ጊዜም ቀጥተኛ ዘር የሆነ ሰው ዝምድናውን አሳይቶ ማውጣት ይችላል። ስለዚህ ማመልከቻውን ባለቤታችሁ ወይም ልጃችሁ ይፈርም።

አንድ ነገር ብቻ አደራ፦ አዲስ ሰርተፊኬት አትጠይቁ፣ የመዝገቡን ገጽ ቅጂ ጠይቁ። ሰርተፊኬቱ አሳጥሮ ነው የሚጽፈው። ዋናው ገጽ ጠርዝ ላይ ግን ሰውየው በኋላ የት እንዳገባ፣ የት እንደሞተ ተጽፎ ልታገኙ ትችላላችሁ። አንድ ገጽ ከፍላችሁ ሦስት መረጃ ማለት ነው።

መንደሩን ማግኘት

ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። ብዙው ሰው የዘር ቆጠራ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ይከፍትና የቤተሰቡን ስም ይጽፋል፣ አንድ ሺህ ሙለር ይመጣለታል፣ ከዚያ ደክሞት ይተወዋል። ጀርመን ለቤተክርስቲያን መዝገቦቹ አንድ ማዕከላዊ የስም ዝርዝር የለውም። መዝገብ የሚቀመጠው በቦታ ነው። ቦታው ከሌላችሁ ምንም የላችሁም።

ቦታ አለን የምትሉትም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ቦታ አይደለም። ሐበሻ ውጭ አገር ከየት ነህ ሲባል ከተወለደባት ቀበሌ ይልቅ አዲስ አበባ ብሎ እንደሚያልፈው፣ "ኮብለንዝ ነን" የሚል ቤተሰብ ከኮብለንዝ ራቅ ካለች መንደር ሊሆን ይችላል። "ፕሮይሰን" ተብሎ የተጻፈ ካገኛችሁ እሱ መንግሥቱ፣ ማለትም ፕሩሲያ ነው፤ ከግማሽ በላይ ጀርመን ፕሮይሰን ነበር። ኖይሽታት፣ ኖይኪርኸን የሚባሉ ስሞች ደግሞ በየክፍለ ሀገሩ አሉ። ከ1945 በኋላ ስማቸው የተቀየረም ብዙ ነው፦ ብሬስላው ዛሬ ፖላንድ ውስጥ ቭሮስዋፍ ናት፣ ሽቴቲን ሽቼቺን፣ ዳንዚግ ግዳንስክ፣ ኮኒግስበርግ ደግሞ የሩሲያ ካሊኒንግራድ።

መሣሪያዎቹ ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም በነፃ። አንደኛው ማየርስ የሚባለው የ1912 የቦታዎች መዝገብ ነው። የዚያን ጊዜውን የጀርመን ግዛት መንደር በመንደር ይዘረዝራል፣ የትኛው ሽታንደስአምት ሥር እንደነበረችና ቤተክርስቲያን እንዳላት ይነግራችኋል። ሁለተኛው ጎቭ ነው። ኮምፕጌን የተባለው በ1989 የተመሠረተ የጀርመን ዘር ቆጣሪዎች ማኅበር አባላት በፈቃደኝነት የሚሞሉት ነው። መንደሯ በየዘመኑ ምን ትባል እንደነበር፣ በየትኛው አጥቢያ ሥር እንደነበረች ይይዛል። የፖላንድ ስሟንም ስትጽፉለት ይገባዋል።

ስሙ በጆሮ የተያዘ ከሆነ "ብ"ን በ"ፕ"፣ "ድ"ን በ"ት"፣ "ግ"ን በ"ክ" እየቀየራችሁ ሞክሩ። በብዙ የጀርመን አካባቢ ሰዉ እነዚህን አይለይም ነበር፣ ቄሱም የሰማውን ነው የጻፈው። ማየርስ ላይ እርግጠኛ ያልሆናችሁበትን ፊደል በኮከብ ምልክት መተካት ይቻላል።

ቦታው ጭራሽ ከሌለስ? ስሙ ብዙ ሰው የማይጠራበት ከሆነ ተስፋ አለ። የኮምፕጌን ፈቃደኞች የአንደኛውን የዓለም ጦርነት የጀርመን ሙታንና ቁስለኞች ዝርዝር በሙሉ አንድ በአንድ ገልብጠውታል። ከ8 ሚሊዮን በላይ ስም ነው። ወታደሩ ከየት እንደመጣ ከስሙ አጠገብ ተጽፏል። ስሙን ጻፉና የሚመጡትን መንደሮች ካርታ ላይ ምልክት አድርጉ። ብርቅ ስም ከሆነ አንድ አካባቢ ሲከማች በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከሁሉም ይህን ዘዴ እወደዋለሁ፣ ብዙ ሰው ግን አያውቀውም።

አሜሪካ ያላችሁና የትዳር አጋራችሁ ቤተሰብ ከጀርመን በመርከብ የመጣ ከሆነ፣ የሐምቡርግ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ከ1850 እስከ 1934 ድረስ አለ፣ የመጨረሻ መኖሪያቸውንም ይጽፋል። በብሬመን የሄዱ ከሆነ ግን አትድከሙ፤ የብሬመኑ ዝርዝር አብዛኛው ጠፍቷል።

ሃይማኖቱ፣ ከዚያ መዝገቡ

ካቶሊክ ናቸው ወይስ ወንጌላውያን? ይህን ሳታውቁ መዝገብ ቤት አትሂዱ። ትንሽ መንደር ከሆነች ቤተክርስቲያኗ ጎረቤት መንደር ውስጥ ልትሆን ትችላለች፤ ጎቭን የምንጠይቀው ለዚህ ነው።

የመዝገቦቹ ፎቶ ያለባቸው ድረ ገጾች አሉ። ለካቶሊክ ማትሪኩላ አለ፣ በነፃ ነው። ለወንጌላውያን አርኪዮን አለ፣ ይከፈልበታል። ሁለቱም ላይ የሌሉ አካባቢዎች አሉ። ፋሚሊሰርች ደግሞ የሞርሞን ቤተክርስቲያን ድረ ገጽ ነው፣ አካውንት ከፍቶ በነፃ ማየት ይቻላል። ማትሪኩላና አርኪዮን ላይ ስም ጽፎ መፈለግ ብዙም አይሠራም። የመጽሐፉን ፎቶ ገጽ በገጽ ማገላበጥ ነው። ስለዚህ አርኪዮን ላይ መንደሩን ሳታውቁ አትክፈሉ። አጥቢያውንና ዓመቱን ይዛችሁ የአንድ ወር ግዙ፣ ያን ወር ጠንክራችሁ ሥሩ።

ጽሑፉ ኩረንት የሚባል የድሮ የእጅ አጻጻፍ ነው። ጀርመኖቹ ራሳቸው ብዙዎቹ አያነቡትም፣ ስለዚህ አትፈሩ፣ እኩል ናችሁ። ኤ የሚባለው ፊደል ኤንን ይመስላል፣ ኡ ላዩ ላይ ትንሽ ቅስት አለው፣ ሃ ከላይም ከታችም ቀለበት አለው። ከ1870ዎቹ ጀምራችሁ ወደ ኋላ ሂዱ። በየገጹ የሚደጋገሙትን የወራት ስሞች ያዙ፣ ከእነሱ የዚያን ቄስ ፊደል ገበታ ራሳችሁ አውጡ። ትራንስክሪቡስ የሚባል በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚያነብ ፕሮግራም አለ። ዓረፍተ ነገር ላይ ጎበዝ ነው፣ ስም ላይ ግን ይሳሳታል። እኛ የምንፈልገው ደግሞ ስሙን ነው።

ቀን ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። ቁጥር 7 ተጽፎ "በር" ከተከተለው ሴፕቴምበር ነው እንጂ ጁላይ አይደለም፤ 8 ኦክቶበር፣ 9 ኖቬምበር፣ 10 ዲሴምበር። በራይን ምዕራብ ደግሞ እስከ 1805 መጨረሻ የፈረንሳይ አብዮት ካሌንደር ታገኛላችሁ። ሁለት አቆጣጠር ለለመደ ሐበሻ ይህ ችግር አይሆንም፣ መቀየሪያው ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል።

የክርስትና መዝገብ አንድ መስመር እንዲህ ይነበባል፦ ሕፃኑ የተወለደበት ቀንና አንዳንዴ ሰዓቱ፣ ክርስትና የተነሳበት ቀን፣ ስሙ፣ አባቱና ሥራው (ሸማኔ፣ አናጺ፣ የቀን ሠራተኛ)፣ እናቱ ከነአባቷ ቤት ስም፣ በመጨረሻ የክርስትና አባትና እናት። ብዙ ሰው የመጨረሻውን ሳይገለብጥ ያልፋል። እንዳታደርጉት። የክርስትና አባት ብዙውን ጊዜ አጎት ነው፣ የሕፃኑ ስምም ብዙ ጊዜ ከእሱ የተወሰደ ነው። የሴት ስም መጨረሻው ላይ "ኢን" ተጨምሮበት ካገኛችሁ ቀንሱት፤ ሙለሪን ማለት የሙለር ቤት ሴት ናት።

በጋራ ወደሚሞላው ዛፍ

አሁን ነው ዊኪትሪ፣ ጄኒ ወይም ፋሚሊሰርች ላይ የምትገቡት። ሰው ሁሉ የዘር ዛፍ በጋራ የሚሞላባቸው ድረ ገጾች ናቸው። ሐሳቡ ለአንድ ሰው በመላው ዓለም አንድ ገጽ ብቻ ይኑረው ነው። ሁሉም ዘመድ አንዱን ገጽ እየተጋገዘ ይሞላል። እኔ ዊኪትሪን እመርጣለሁ። በነፃ ነው፣ ማስረጃ አምጡ ይላል፣ ከ1700 በፊት የኖረ ሰው ገጽ ላይ ለመሥራት ፈተና ያስወስዳል። ጄኒ ዓይን ይስባል፣ ጠለቅ ብሎ ለመፈለግ ግን ክፍያ ይመጣል። ፋሚሊሰርች ላይ የሞተን ሰው ገጽ ማንም ሊቀይረው ስለሚችል፣ የራሳችሁን ሰዎች ገጽ "ተከታተል" የሚለውን ተጫኑ። ለውጥ ሲኖር ይነገራችኋል።

አዲስ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት ፈልጉ። ሙለር የሚለውን አንዱ በሁለት ነጥብ ኡ ይጽፈዋል፣ ሌላው ኡ እና ኤ አድርጎ፣ ሌላው ነጥቡን ትቶ። ሦስቱንም ሞክሩ።

ሁለት ገጽ አንድ ሰው መስሏችሁ ለማዋሐድ ስትነሱ ግን ቀስ በሉ። አንድ መንደር ውስጥ ሦስት ዮሃን ሙለር መኖሩ ምንም አያስገርምም። ወንድማማቾች ሁሉ በመጀመሪያ ስማቸው ዮሃን ሊሆኑ ይችላሉ፤ የሚጠሩት በሁለተኛው ነው። ሕፃን ሲሞት ደግሞ ስሙ ለቀጣዩ ልጅ ይሰጥ ነበር። በባለቤቴ ዘር ውስጥ አንድ የማናውቀው ሰው ሁለት ሰዎችን አዋሕዶ፣ አንዲት ሴት ከተቀበረች በኋላ ሁለት ልጅ ወልዳ አገኘናት። ያን ለመፍታት የቀብር መዝገቡን ማገላበጥ ነበረብን። እናንተ አስቀድማችሁ አድርጉት፦ የልደቱን ገጽ ከጋብቻው ጋር ከማገናኘታችሁ በፊት፣ ያ ሕፃን ያኔውኑ አልሞተም ወይ ብላችሁ ቀጣዮቹን ዓመታት የቀብር መዝገብ እዩ። ከዚያ ሥራውን፣ የሚስቱን ስምና የክርስትና አባቶቹን አስተያዩ። ቢያንስ ሁለቱ ካልገጠሙ ተዉት። ካዋሐዳችሁም ምክንያቱን ገጹ ላይ ጻፉ። ሌላ ሰው ያዋሐደውን ለማስተካከል መጀመሪያ ለሰውየው ጻፉለት፣ በአክብሮት፣ የመዝገቡን ገጽ ቁጥር ይዛችሁ።

በሰሜን ምዕራብ ጀርመን ያለው ኦስትፍሪስላንድ ከሆነ ደግሞ ወግ ይቀየራል። እዚያ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ድረስ ልጅ ከስሙ ቀጥሎ የአባቱን ስም ነበር የሚይዘው፣ ልክ እንደ እኛ። የቤተሰብ ስም ያስገደዷቸው በ1811 ፈረንሳዮች ናቸው። በምዕራብ ጀርመን በቬስትፋለን ደግሞ እርሻ ያላትን ሴት ያገባ ወንድ የእርሻውን ስም ወስዶ ይኖር ነበር። በዛፉ ላይ ወንድማማቾች ስማቸው ቢለያይ ስሕተት ነው ብላችሁ አትቸኩሉ።

በኢትዮጵያ በኩል ያሉትን ስትጨምሩ የቤተሰብ ስም የሚለው ሳጥን ላይ የአባት ስም ጻፉና፣ የቤተሰብ ስም አለመሆኑን በማብራሪያው አስታውቁ። አለበለዚያ አንድ ፈረንጅ መጥቶ "ያስተካክልላችኋል"። በሕይወት ያሉትን፣ በተለይ ልጆችን፣ አታስገቡ።

ጀርመናዊው ኢትዮጵያ መጥቶ ከቀረ

ይህም አለ። የዕፀዋት አጥኚው ቪልሄልም ሺምፐር በ1837 መጥቶ እዚሁ አግብቶ በ1878 አድዋ ላይ ሞተ። ሰዓሊው ኤድዋርድ ዛንደር ከአንሃልት መጥቶ ደጃዝማች ውቤንና አፄ ቴዎድሮስን አገለገለ። ከኢትዮጵያዊት የወለዳት ወለተ ኢየሱስ የቴዎድሮስን መድፍ ሠሪ ሞሪትዝ ሆልን አገባች። የእነሱ ልጅ ማግዳሌና የተዋናዩ ፒተር ኡስቲኖቭ አያት ናት። መለማመድ ከፈለጋችሁ የኡስቲኖቭን ገጽ ክፈቱና ወደ ላይ ውጡ፤ የትኛው መስመር ማስረጃ እንዳለው፣ የትኛው እንደሌለው እዩ። ከጋፋት የእጅ ባለሙያዎች ዘር ነን የምትሉ ደግሞ ከመንደር በፊት የሚስዮን ወረቀቶችን ጠይቁ። ብዙዎቹ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ሚስዮን ነው የመጡት።

በአብዛኛው የጀርመን መንደር ገበሬን ተከትላችሁ ከ1650 አካባቢ ብዙ ርቃችሁ አትሄዱም። ከ1618 እስከ 1648 በቆየው ጦርነት ቤተክርስቲያኖች ከነመዝገባቸው ተቃጥለዋል። ዛፉ ላይ ከዚያ አልፎ እስከ ሻርለማኝ የሚደርስ ሸማኔ ካገኛችሁ፣ ማስረጃው ከተጻፈበት ቦታ ላይ ሌላ ዛፍ ብቻ ተጠቅሶ እንደሆነ እዩ። ከሆነ መስመራችሁን ከመጨረሻው የመዝገብ ገጽ ላይ አቁሙ፣ የገጹን ፎቶ አያይዙበት።