ከውጭ ሆናችሁ ፒክአፕ ስትገዙ የተሰነጠቀ ብሎክ እንዳይደርሳችሁ

ለቤተሰብ መሥሪያ የሚሆን ያገለገለ የናፍጣ ፒክአፕ መግዛት ብዙዎቻችን የምናስበው ነገር ነው። ፎቶ ይላክልናል፣ ቪዲዮ ይመጣል። ቀለሙ ያብረቀርቃል፣ ሞተሩም በአንድ ቁልፍ ይነሳል። ገንዘቡን እንልካለን። የሞተሩ መነሳት ግን ስለ ብሎኩ ጤንነት ምንም አይናገርም። የተሰነጠቀ ብሎክ ጠዋት ተነስቶ ቀኑን ሙሉ ሊሠራ ይችላል። ጉዱ የሚወጣው መኪናው ተጭኖ ዳገት ሲይዝ ነው።

ብሎክ ማለት ፒስተኖቹ የሚመላለሱበት ትልቁ የብረት አካል ነው። በውስጡ የውሃና የዘይት መሄጃዎች አሉት። የሚሰነጠቅበት ምክንያት ብዙ ነው። ሞተሩ ፈልቶ እያለ ቀዝቃዛ ውሃ ሲደፋበት ይሰነጠቃል። ብርድ ባለበት አገር አንቲፍሪዝ (ውሃው በረዶ እንዳይሆን የሚጨመር ፈሳሽ) የሌለው ውሃ ውስጡ ሲቀርም እንዲሁ ነው። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ በ9 ከመቶ ገደማ ይሰፋል፤ ብረቱ ያን መቋቋም አይችልም። አንዳንዴ ጥፋቱ የፋብሪካው ነው። እ.ኤ.አ. ከ1998 አጋማሽ እስከ 2001 በዶጅ ራም ፒክአፖች ላይ የተገጠመው ባለ 5.9 ሊትር፣ ባለ 24 ቫልቭ ከሚንስ የተባለ የናፍጣ ሞተር ለዚህ ይታወቃል። ከእነዚህ ሞተሮች መካከል ብሎካቸው ላይ «53» የሚል ቁጥር ጎልቶ የወጣባቸው አሉ። የውሃ መሄጃቸው ግድግዳ ቀጭን ስለሆነ ጎናቸው ላይ ይሰነጠቃሉ። እንዲህ ያለ መኪና ከቀረበላችሁ መጀመሪያ የዚያን ቁጥር ፎቶ ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ገንዘብ ከመላካችሁ በፊት ሞተሩ ሲነሳ በቀጥታ የቪዲዮ ጥሪ ተከታተሉ። የተቀረጸ ቪዲዮ አትቀበሉ። መኪናው አድሮ የቀዘቀዘ መሆን አለበት። የላካችሁት ሰው መጀመሪያ ብሎኩን በእጁ ይንካው። ከሞቀ ቀድሞ ተነስቷል ማለት ነውና ቀጠሮውን ለሌላ ቀን አዙሩት። ቀዝቃዛ ከሆነ የራዲያተሩን ክዳን ይክፈትና ካሜራውን ወደ ውስጥ ያስጠጋ። ውሃው ላይ ዘይት ተንሳፍፎ ከታየ እዚያው ላይ አቁሙ። ከዚያ ክዳኑ እንደተከፈተ ሞተሩ ይነሳ። መጀመሪያ ላይ ጥቂት አረፋ ቢወጣ አያስደነግጥም፤ የታመቀ አየር ሊሆን ይችላል። ሳያቋርጥ ከተንፎለፎለ ግን የሲሊንደሩ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ይህን ካያችሁ በኋላ ሞተሩ ይጥፋ፣ ክዳኑ ይዘጋና እንደገና ይነሳ። ውሃው ገና ሳይሞቅ የላይኛው የራዲያተር የጎማ ቱቦ እንደ ድንጋይ ከጠነከረም ምልክቱ ያው ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ግን ክዳኑን ማንም እንዳይነካ፤ ፊት ያቃጥላል።

ጭሱን በጥንቃቄ እዩት። ናፍጣ ሞተር ሲቀዘቅዝ ነጭ ጭስ ማውጣቱ የተለመደ ነው፤ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላም ነጩ ጭስ ካላቆመና ጣፋጭ ነገር ከሸተተ አንቲፍሪዝ ያለበት ውሃ እየተቃጠለ ነው። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ያለች ትንሽ ነጭ ነገር ብቻዋን ማስረጃ አትሆንም፤ አጭር መንገድ ብቻ በሚሄድ መኪና ላይ እርጥበት ይሠራታል። በዘይት መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይት ራሱ ከነጣ ግን አትግዙ።

ጋራዥ ውስጥ የሚሠሩ ሁለት ምርመራዎች አሉ፤ ሁለቱንም ክፈሉባቸው። አንደኛው በመሣሪያ ውስጥ ሆኖ በራዲያተሩ አፍ ላይ የሚቀመጥ ሰማያዊ ፈሳሽ ነው። የናፍጣ ሞተር ጋዝ ሲነካው ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ይህ ግን ወደ ውጭ ብቻ የሚያፈስ ስንጥቅን አያገኝም። ስለዚህ ሁለተኛው ያስፈልጋል፦ ራዲያተሩ ላይ በእጅ ፓምፕ ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ያህል ግፊት መስጠት፣ ከዚያ ጌጁን መጠበቅ። መርፌው ከወረደ ውሃው የሆነ ቦታ እየወጣ ነው። በዚያች ሰዓት ካሜራው በብሎኩ ጎኖች ላይ ቀስ ብሎ ይሂድ። አዲስ የታጠበ ሞተር፣ አንድ ቦታ ብቻ የተቀባ ቀለም ወይም የተለጠፈ ማጣበቂያ ካያችሁ «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። መካኒኩን የምትመርጡት እናንተ ሁኑ። የሻጩ ወይም የደላላው ሰው እንዳይሆን፤ ዘመድ ቢቀየምም ይቀየም።

መኪናው ቀድሞ ተገዝቶ «ብሎክ ተሰንጥቋል፣ ገንዘብ ላክ» የሚል ስልክ ከመጣ ደግሞ መጀመሪያ የተሰነጠቀው ምን እንደሆነ አጣሩ። ብዙ ጊዜ የተቃጠለው ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ማሸጊያ) ነው፣ ወይም የተሰነጠቀው ቴስታታው (ብሎኩን ከላይ የሚከድነው አካል) ነው። የቶዮታ ባለ 3 ሊትር 1ኬዜድ-ቲኢ ሞተር ለምሳሌ፣ ሲፈላ የአልሙኒየም ቴስታታው በመሰንጠቅ ይታወቃል፤ እሱ ተለውጦ ብሎኩ ሊተርፍ ይችላል። ስለዚህ ስንጥቁና የሞተሩ ቁጥር በአንድ ያልተቆራረጠ ቪዲዮ ላይ ይታዩ።

የእውነት ብሎኩ ከሆነ ቦታው ይወስናል። ስንጥቁ ሲሊንደር ውስጥ ከሆነ አንዳንዴ ካሚቻ (የሲሊንደሩን ውስጥ የሚሸፍን የብረት ቱቦ) በመግጠም ይድናል። የውጭ ግድግዳ ላይ ከሆነ በብረት ብሎን እየሰፉ የሚደፍኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ይህ ዘዴ ብረቱን ስለማያግለው እኔ ከብየዳ አስቀድመዋለሁ። የብሎክ ብረት ሳይሞቅ ከተበየደ ሲቀዘቅዝ ብየዳው አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያሽከረክሩት ዋናው ዘንግ) የሚቀመጥበት ቦታ ከተሰነጠቀ ግን ለጥገና አንድ ሳንቲም አትላኩ፤ ሌላ ሞተር ይፈለግ።

ሌላ ሞተር ሲገዛም ያው የቀዝቃዛ ምርመራ ይደረግለት። ሞተር ሲለወጥ ቁጥሩም ይለወጣል፤ ሊብሬው ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ በምርመራም በሽያጭም ጣጣ ይመጣል። የግዢ ደረሰኙ ላይ የአዲሱ ሞተር ቁጥር ይጻፍ፣ አሮጌው ብሎክ ቁጥሩ ሳይፋቅ ይቀመጥ። ውክልና ስትሰጡም «መኪና እንዲገዛልኝ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። ሞተር ማስለወጥና ለውጡን ማስመዝገብ እንደሚችል በግልጽ ይጻፍበት፤ አለዚያ ወኪላችሁ መሥሪያ ቤት ደርሶ ባዶ እጁን ይመለሳል።