እግር ከመሬት ከመነሳቱ በፊት፦ ለፓራግላይዲንግና ለሀንግ ግላይዲንግ ክለቦች

በክንፍ ከገደል ጫፍ በሚነሱ ሰዎች ላይ ከሚደርሱት አደጋዎች ሁለቱ በአንድ ደቂቃ ፍተሻ የሚቀሩ ናቸው፦ የእግር ቀበቶ ሳያስሩ መነሳትና ራስን ከክንፉ ጋር ሳያያይዙ መሮጥ። ዓመታት የበረረ ሰውም ይረሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 ስዊዘርላንድ ውስጥ አንድ የሀንግ ግላይዲንግ (በዘንግ በተወጠረ ክንፍ ሥር ተኝቶ የሚበረርበት ስፖርት) አብራሪ ተሳፋሪውን ማያያዝ ረስቶ ተነሳ፤ ሰውየው ከሁለት ደቂቃ በላይ በእጁ ብቻ ተንጠልጥሎ ቆይቶ፣ የእጁ አንጓ ተሰብሮ ተረፈ።

በፓራግላይዲንግ (በገመድ በተያዘ የጨርቅ ክንፍ ሥር ተቀምጦ በሚበረርበት) ሄልሜት ይቀድማል፤ ገና ስትለብሱ ድንገተኛ ነፋስ ክንፉን ይዞ ሊጎትታችሁ ይችላልና። ቀጥሎ የእግር ቀበቶዎች፣ ከዚያ የደረቱ። ሲወልቅ ደግሞ የእግሩ መጨረሻ ይሁን። የደረቱ ብቻ ታስሮ የተነሳ ሰው ወደ ታች ተንሸራቶ በብብቱ ይንጠለጠላል፤ ወደ መቀመጫው መመለስም ሆነ ክንፉን በደንብ መምራት ያቅተዋል። መቆለፊያው ቀጭ ማለቱ አይበቃም። አሸዋ ወይም የሣር ስባሪ ከገባበት የተዘጋ መስሎ ይታያል፤ እያንዳንዱን በእጅ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡ። የመጠባበቂያ ፓራሹቱ መያዣ ፒን በቦታው መግባቱንም በዓይን እዩ።

በሀንግ ግላይዲንግ አንድ ባልደረባ የክንፉን አፍንጫ ይይዛል፣ አብራሪው ተያይዞ ይተኛል። ካራቢነሩ (ከክንፉ ጋር የሚያያይዘው የብረት መቆለፊያ) ተቆልፏል? ሁለቱም እግሮች በቀለበታቸው አልፈዋል? ማንጠልጠያው (አብራሪው ከክንፉ የሚንጠለጠልበት ጠፍር) አልተጠማዘዘም? ሰውነቱ ከታችኛው ዘንግ በላይ ነው? ይህ ብቻውን ግን አያድንም፤ ብዙዎች ከዚህ በኋላ አንድ ነገር ለማስተካከል ይፈቱና መልሰው ሳያያይዙ ይሮጣሉ። ስለዚህ ልትሮጡ ስትሉ ማንጠልጠያው እግራችሁን እስኪስብ ድረስ ክንፉን ከፍ አድርጉ። ከሁሉ የሚሻለው ሃርነሱን (አብራሪው የሚለብሰውን ቀበቶ) አስቀድሞ ከክንፉ ጋር አያይዞ ከዚያ መልበስ ነው።

በፍተሻ መሃል ሰው ካነጋገራችሁ ወይም ስልክ ከጠራ፣ ካቆማችሁበት አትቀጥሉ፤ ከአንድ ጀምሩ።

ነፋሱን ቢያንስ አሥር ደቂቃ ተመልከቱ። የተለመደ የፓራግላይዲንግ ክንፍ ፍጥነት በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ጀማሪ ከ20 በላይ በሆነ ነፋስ አይነሳ፤ ነፋሱ በአንድ ጊዜ በ10 ከፍ ዝቅ ካለም ሁሉም ይጠብቅ። እንደ ኬንያው ኢተን ወይም እንደ እኛ ደጋ፣ 2,400 ሜትር አካባቢ አየሩ ስስ ነው፤ መነሻውም ማረፊያውም ከባሕር ጠለል ይልቅ በመቶ 12 ገደማ ይፈጥናል። ስለዚህ መንደርደሪያውን አርዝሙት። ደመና ወደ ላይ እያበጠ ከሄደ ውረዱ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ ነጎድጓዳማ ደመና አንዲት አብራሪን ወደ 9,900 ሜትር ግድም ወስዷታል።

ካረፋችሁ በኋላ ክንፉን ወዲያው ሰብስቡ። ተዘርግቶ የቀረ ክንፍ ከላይ ለሚያይ ባልደረባ «ተጎድቻለሁ» ማለት ነው።