የዳርክ ፋንታሲ ሲሪስ ክፍል 4፣ ክፍል 5 ላይ ስትደርሱ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ለልጆችና ለወጣቶች የሚጻፉ ፋንታሲዎች (የአስማት ዓለም ልብ ወለዶች) ሲጀምሩ ቀለል ይላሉ፣ እየቆዩ ይጨልማሉ። መጽሐፍ የማውሳቸው ሰዎች ደግሞ እዛው ሲጨልም "ደበረኝ" "ግራ ገባኝ" ብለው ይመልሱልኛል። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የመጽሐፉ አይደለም።

ደሜን የሚያፈላው "ፊልሙን አይቻለሁ፣ ከክፍል 4 ልጀምር" የሚለው ነው። ኧረ ተዉ! ፊልም እኮ ይቆርጣል። ሃሪ ፖተርን ውሰዱ፣ ክፍል 3 ላይ የአስማት ትምህርት ቤቱ ውስጥ ማን የት እንዳለ የሚያሳይ ካርታ አለ፣ የሠሩት የ4 ሰዎች ቅጽል ስም ላዩ ላይ ተጽፏል። መጽሐፉ እነማን እንደሆኑ ቁጭ አድርጎ ይነግራችኋል፣ የ2004ቱ ፊልም (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ግን ነገሬ ሳይለው አለፈ። ክፍል 4ን ስትከፍቱ ገና ምዕራፍ 1 ላይ ከአራቱ አንዱ በዛው ቅጽል ስሙ ይጠራል፣ ያነበበ ሰው "አሃ፣ እሱ!" ይላል፣ ፊልም ብቻ ያየው ገጽ እያገላበጠ "ይሄ ደግሞ ማነው?" እያለ ይደክማል። አንዱ ጭራሽ ፒቭስ የሚባለው ረባሽ መንፈስ ፊልሙ ላይ የለም ብሎ "የሰጠኸኝ ኮፒ ችግር አለበት" ሲለኝ ምን ልበለው? ፒቭስ ከክፍል 1 ጀምሮ መጽሐፉ ላይ ሲረብሽ ነው የኖረው!

የረሳችሁትን ገጸ ባህሪ ጎግል አታድርጉ። ስሙን ጽፋችሁ ሳትጨርሱ ፍለጋው ራሱ "እንዴት ሞተ" ብሎ ይሞላላችኋል፣ አበቃ። የቀደመውን ክፍል የመጨረሻ ሁለት ሦስት ምዕራፎች ድጋሚ ማንበብ ይበልጣል፣ ወይ ጨርሶ ያነበበ ሰው ጠይቁ፣ አፉን የሚዘጋ ከሆነ።

ጀርባው ላይ ያለውን ቁጥር ዝም ብላችሁ አትመኑ። ናርኒያ የሚባለው ሲሪስ በ1950 የጀመረው በአንበሳውና በጠንቋይዋ መጽሐፍ ነው፣ አሁን ቁጥር 1 ተብሎ የሚሸጠው "የአስማተኛው የእህት ልጅ" ግን የወጣው በ1955 ነው። በወጣበት ቅደም ተከተል አንብቡት፣ እንደኔ ከሆነ። ሁለት ርዕስ ያላቸውም አሉ፦ እንግሊዝ አገር "ኖርዘርን ላይትስ" የተባለው አሜሪካ ላይ "ዘ ጎልደን ኮምፓስ" ነው፣ ቀጣዩ ክፍል መስሏቸው ሁለቱንም የገዙ ሰዎች አውቃለሁ።

ዋናው ገጸ ባህሪ የሌለበትን የመጀመሪያ ምዕራፍ መዝለልም አለ። ከላይ ያልኩት የሃሪ ፖተር ክፍል 4 ምዕራፍ 1 እኮ እንደዛ ነው፣ ታሪኩ የሚካሄድበት ቤት ውስጥ ሃሪ የለም፣ የመጽሐፉ ፍርሃት ግን የሚጀምረው እዛ ነው።

የሃሪ ፖተር ክፍል 5 በጣም ወፍራም ነው፣ አውቃለሁ፣ ግን "ምንም አይፈጠርም" የምትሉትን ገጽ እየዘለላችሁ አትሩጡ። ገጸ ባህሪዎቹ አንድ አሮጌ ቤት የሚያጸዱበትን ቦታ ታስታውሳላችሁ? ከሚጣለው ኮተት መሃል ማናቸውም ሊከፍቱት ያልቻሉት ከባድ የአንገት ሐብል አለ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚያልፈው። ምን እንደሆነ አልነግራችሁም፣ ክፍል 7 ላይ ግን የዘለላችሁትን ገጽ ፍለጋ ትመለሳላችሁ።

የመሃል ክፍል ተንጠልጥሎ ቢያልቅ አትናደዱ፣ ሥራው ነው። የ"ኖርዘርን ላይትስ" ቀጣይ የሆነውን "ዘ ሰትል ናይፍ"ን በ1997 ያነበቡ ሰዎች ቀጣዩን ለማግኘት እስከ 2000 ጠብቀዋል፣ እናንተ እኮ ዛሬውኑ ታገኙታላችሁ።

ታናናሽ ላላችሁ ደግሞ፦ የሃሪ ፖተርን ክፍል 1 የወደደ የ9 ዓመት ልጅ ክፍል 4ን በዛው ሳምንት ይችለዋል ማለት አይደለም። ገጸ ባህሪዎቹ በየክፍሉ አንድ ዓመት ያድጋሉ፣ ልጁ ግን በሁለት ወር ውስጥ ያው የ9 ዓመት ልጅ ነው። የክፍል 4ን የመቃብር ቦታ ምዕራፎች መጀመሪያ እናንተ አንብቧቸው፣ ከዛ ስጡት፣ ማታ ሳይሆን ቀን ላይ።